አስጎብኚው መንገዱን ያውቃል፣ ሕመማችሁን ግን አያውቅም

 

ልጆች ትምህርት ሲዘጉ ወይም በዓል ሲደርስ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ የተነሱ ታካሚዎቼ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። አንደኛው «ዶክተር፣ ምን መድኃኒት ልያዝ?» ነው። ሁለተኛው «እዚያ ሆኜ ቢያመኝስ የት ልሂድ?» ነው። ሁለቱም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ሦስተኛውን ግን እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም፦ «ከተማውን ለሚያስጎበኘኝ ሰው ስለ ሕመሜ ምን ልንገረው?»

ዛሬ ስለዚህች ስለተረሳች ጥያቄ ነው የማጫውታችሁ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ንግግር ባለመነገሩ ሰው መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ይህንን በመጽሐፍ ሳይሆን በእረፍቴ ላይ ሐረር ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የማወራላችሁ አባትም ልጃቸውም ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

ሐረር የሄድነው አምስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና እናቴ። ልጆቹ ዘጠኝና አምስት ዓመታቸው ነው። እናቴ የደም ግፊት አለባት፣ ጉልበቷንም ያማታል። በማግሥቱ ጠዋት ጀጎልን የሚያስጎበኘን ወጣት ያዝን። ሁለት አዲስ ሙሽሮችና ብዙ ዓመት ውጭ አገር የኖሩ አንድ አባት ከሴት ልጃቸው ጋር ተቀላቀሉንና ዘጠኝ ሆንን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ፈረስ መጋላ ተገናኘን።

አስጎብኚያችን ሥራውን የሚወድ ልጅ ነበር። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደተሠራ፣ ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል እንደሆነ፣ አምስት ጥንታዊ በሮች እንዳሉት ነገረን። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ብሎ በጣቱ ቆጠረልን። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ኋላ የተጨመረ ነው አለን። በውስጡ 82 መስጊዶች እንዳሉ፣ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆዩ እንደሆኑ፣ ዩኔስኮም ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት እንደመዘገባት አስረዳን።

ገና እግራችንን ሳናነሳ እናቴ እጇን አወጣች።

«ልጄ» አለችው፣ «እኔ ግፊት አለብኝ፣ ጉልበቴንም ያመኛል። የሽንት መድኃኒት ስለምወስድ መጸዳጃ ቤት ቶሎ ቶሎ እፈልጋለሁ። ቀስ ብለህ ውሰደን።»

ሙሽሮቹ ፈገግ አሉ፤ ልጆቼም ሳቁ። አስጎብኚው ግን አልሳቀም። «እሺ እማማ፣ እንኳን ነገሩኝ» አለና መንገዱን እዚያው ለወጠው። ዳገቱን በባጃጅ እንወጣና ቁልቁለቱን በእግር እንወርዳለን፣ በየመሀሉ መጸዳጃ ያለበት ቤት አውቃለሁ፣ ጥላ ሥር እናርፋለን አለን። ከዚያ ወደ ሁላችንም ዞሮ «ሌላስ እንዲህ የሚለኝ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ዝም አልን። ያ አባት ባርኔጣቸውን አስተካከሉና ግንቡን ማየት ጀመሩ።

ጀጎል ትንሽ ከተማ ናት። ከአንዱ በር ወደ ሌላው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። ጎብኚ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። ቀጭን መንገዶቿ ሽቅብና ቁልቁል ናቸው፤ ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው። መኪና ግርግር የሚባለውን የልብስ ሰፊዎች መንገድ አየን፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ጊዲር መጋላ ገበያውን ዞርን። አረንጓዴ ቀለም የተቀባውን የአሚር ኑር መቃብር ጎበኘን። ሙሽሪት ስፌት መረጠች፣ ተከራከረች፣ ተመልሳ ሄደች፣ እንደገና መጣች። ቡና የሚቆላበት ቤት ስንደርስ ሽታው አላስኬድ ብሎን ቆየን። ለ6 ሰዓት ተኩል የታሰበው ምሳ 8 ሰዓት አለፈው። በመንገዳችን ላይ የተቆጣ ሰው አልነበረም፤ ቀኑ ደስ ይል ነበር። ስልኬ እስከዚያ ሰዓት ከ9,000 እርምጃ በላይ ቆጥሮ ነበር።

ነገሩን መጀመሪያ የተረዳው አስጎብኚው ነው። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «ዶክተር፣ አባት ደህና አልመሰሉኝም። ጠዋት በየበሩ ጥያቄ ሲጠይቁኝ ነበር፤ አሁን ስናገር እንኳ አያዩኝም» አለኝ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ የእሳቸው ሸሚዝ ግን በላብ ርሷል። አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈዋል። ልጃቸው «ደክሟቸው ነው፤ ውኃ ጠጡ ብላቸው ተቆጡኝ። አባዬ ደግሞ መቆጣት አያውቅም» አለችኝ።

«ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት?» አልኳቸው።

«ትንሽ» አሉ። ምላሳቸው ከበድ ብሏል።

«ኢንሱሊን ይወጋሉ?»

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ጠዋት በሰዓታቸው ተወግተዋል። ቁርስ ግን እንዳያረፍዱ ብለው ቡናና ግማሽ ዳቦ ብቻ ነው የቀመሱት። የስኳር መለኪያቸው ሚኒባሱ ውስጥ በቦርሳ ተቀምጧል፤ ሚኒባሱ ደግሞ ከግንቡ ውጭ ነው።

አስጎብኚው አጠገባችን የነበረውን አንድ የሐረሪ ቤት አንኳኳ። የቤቱ እናት ምንም ሳይጠይቁ አስገቡንና በቀይ ቀለም በተቀባው ነደባ ላይ፣ ማለትም እንግዳ በሚቀመጥበት ከፍ ያለ መደብ ላይ አስቀመጧቸው። አንድ ልጅ እየሮጠ ሀላዋ ይዞ መጣ። ሐሳቡ መልካም ነበር። እኔ ግን ስኳርና ውኃ ጠየቅሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠን በጥቂት በጥቂቱ አጠጣናቸው። መዋጥ ይችሉ ስለነበር ነው ይህን ያደረግነው።

ከዚያ ጠበቅን። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ታለቅሳለች። የእኔ ትንሿ ልጅ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች በሹክሹክታ ትቆጥራለች። 15 ደቂቃ ረጅም ነው። እጃቸው አሁንም ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሌላ ሦስት ማንኪያ ደገምን። ቆይተው ቀና አሉና «ምነው፣ ምን ሆኜ ነው ሁላችሁም እኔን የምታዩት?» አሉ። የቤቱ እናት እንቁላልና ዳቦ አቀረቡላቸው፤ ጥርግ አድርገው በሉ።

ሲረጋጉ ለምን ጠዋት እንዳልተናገሩ ጠየቅኋቸው። «ስምንት ሰው በእኔ ምክንያት ምሳ ይቅደም፣ ይቁም፣ ይቀመጥ ይባላል? ደግሞ ስኳር አለበት ተብዬ እንደ በሽተኛ መታየቱን አልፈለግኩም» አሉኝ።

እናቴ ከወዲያ ጥግ መለሰችላቸው። «ታዲያ ቢወድቁስ ኖሮ? ያኔስ ስምንታችንም መቆማችን ይቀር ነበር?»

ውድ ቤተሰቦቼ፣ የዕለቱ ትልቁ የጤና ትምህርት ይህ የእናቴ ንግግር ነው። እኛ ሐበሾች ይሉኝታ የሚባል ነገር አለን። መልካም ጎን አለው፤ ሰውን እንዳናስቸግር፣ እንዳናስቀይም ያደርገናል። በቡድን ስንጓዝ ግን ይሉኝታ ራሱን የቻለ የጤና አደጋ ይሆናል። ለምን? ቤታችን ስንሆን የምንበላበት፣ የምናርፍበት፣ መድኃኒት የምንወስድበት ሰዓት በእጃችን ነው። ጉብኝት ላይ ግን ሰዓታችንን ለሌላ ሰው እናስረክባለን። የምንራመደው በአስጎብኚው ፍጥነት ነው። የምንበላው እሱ ባሰበው ሰዓት ነው። እሱ ደግሞ ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም። ያ ወጣት በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «ዶክተር፣ እኔ መንገዱን ነው የማውቀው፤ የሰውን ሆድ አላውቅም።»

ለመሆኑ በእኚያ አባት ላይ የደረሰው ምንድን ነው?

ሐኪሞች ሀይፖግላይሴሚያ እንለዋለን፤ የደም ስኳር ከልክ በታች መውረድ ማለት ነው። በመለኪያ ከ70 በታች ሲያሳይ ዝቅ ብሏል እንላለን፤ ከ54 በታች ከሆነ ከባድ ነው። ጠዋት የሚወጋ ቅይጥ ኢንሱሊን ኃይሉ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይጨምራል፤ ስለዚህ ምሳ በሰዓቱ መበላት አለበት። በዚያ ላይ መራመድ ራሱ ስኳርን ያቃጥላል። ቁርስ ትንሽ፣ ኢንሱሊን ሙሉ፣ እርምጃ ብዙ፣ ምሳ የዘገየ። አራቱ ሲገናኙ የሚሆነው ያየነው ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን እንክብል የሚወስዱ ሰዎችም እንዲሁ ሊደርስባቸው ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ግን እንዲህ የሚሆነው እምብዛም ነው።

ምልክቶቹን ያዙልኝ፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ኃይለኛ ረሃብ፣ የዓይን ብዥታ፣ ግራ መጋባት። አንዱን ደግሞ ቤተሰብ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የጠባይ መለወጥ ነው። «አባዬ መቆጣት አያውቅም» ያለችው ልጅ ሳታውቀው ትልቁን ምልክት ነግራኛለች። ስኳር ያለበት ሰው ድንገት ከተነጫነጨ ወይም ዝም ካለ፣ ከመቀየማችሁ በፊት ስኳሩን ለኩ። መለኪያ ከሌለ ደግሞ ጊዜ ሳታባክኑ እንደወረደ ቆጥራችሁ እርዱት። ስኳሩ ለአጭር ጊዜ ቢጨምር የሚያመጣው ጉዳት ወርዶ ከሚቀርበት ጉዳት እጅግ ያነሰ ነው።

እርዳታው ቀላል ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ያህል ለስላሳ መጠጥ ስጡት፤ «ዳይት» የተባለው ግን ስኳር ስለሌለው አይሆንም። 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልተሻለው ድገሙ። ሲሻለው ምግብ ይብላ። ሀላዋ፣ ቸኮሌትና ኬክ ስብ ስላላቸው ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ለዚህ ነው ለመጀመሪያ እርዳታ የማይመረጡት። ራሱን የሳተ ወይም መዋጥ የማይችል ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም ነገር አታድርጉ። በጎኑ አስተኙትና በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ከሰዓት በኋላ ዕረፍት አደረግን። እኚያ አባት ሆቴል ሄደው እንዲተኙ ብንለምናቸው «የራምቦን ቤት ሳላይ አልሄድም» አሉ። ስኳራቸውን ለካን፤ ጥሩ ነበር። በባጃጅ ወሰድናቸው።

አርተር ራምቦ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው። ሐረር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ፣ ግጥም መጻፍ ካቆመ በኋላ፣ ለቡና ነጋዴ ተቀጥሮ ነበር። አሁን በስሙ የሚጠራውን ውብ የእንጨት ቤት ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ እንደሆነና ራምቦ እዚያ እንዳልኖረ አስጎብኚው በግልጽ ነገረን። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ የድሮዋን ሐረር ፎቶግራፎች ታዩበታላችሁ።

እኔን የያዘኝ ግን የሰውየው ጉልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 መጀመሪያ ራምቦ ቀኝ እግሩን ያመው ጀመር። የደም ሥር ማበጥ መስሎት ለእናቱ ጽፎ ለእግር የሚሆን ልዩ ካልሲ እንድትልክለት ጠየቀ። ጉልበቱ እያበጠ ሄደ፤ እሱ ግን ንግዱን ቀጠለ። መራመድ ሲያቅተው አልጋው ላይ ሆኖ ሥራውን ይከታተል ነበር። በመጨረሻ በሚያዝያ ወር መጀመሪያ፣ በሸክም አልጋ ላይ ተኝቶ፣ 16 ሰዎች እየተፈራረቁ ተሸክመውት በረሃውን አቋርጦ ወደ ዘይላ ወረደ። ጉዞው 12 ቀን ያህል ፈጀ። ማርሴይ ሲደርስ በግንቦት ወር እግሩ ተቆረጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር 10 ቀን፣ በ37 ዓመቱ ሞተ። የአጥንት ካንሰር እንደነበረ በብዙዎች ይታመናል።

በዚያ ዘመን ቶሎ ቢታከም ኖሮ ይድን ነበር ማለት አይቻልም፤ የዛሬው ሕክምና አልነበረም። ዛሬ ግን አለ። ስለዚህ ወላጆች፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የአጥንት ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚከሰት በሽታ አይደለም፤ ሲከሰት ግን ከሚያጠቃቸው ዋነኞቹ በፍጥነት የሚያድጉ ታዳጊዎች ናቸው፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚወጣውም ጉልበት አካባቢ ነው። አብዛኛው የልጆች ጉልበት ሕመም ከጨዋታና ከመውደቅ የሚመጣ ነው፤ በቀናት ይድናል። ነገር ግን የልጃችሁ የጉልበት ሕመም ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ካልተወው፣ ሌሊት ከእንቅልፉ ካስነሳው፣ እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ ወይም ማንከስ ከጀመረ «እድገት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ወጌሻ ጋ ወስዳችሁም አታሳሹት። መጀመሪያ ራጅ ይነሳ።

ራምቦንና እኚያን አባት በአንድ ቀን ማሰቤ በአጋጣሚ አይደለም። አንዱ ንግዱ እንዳይቋረጥ፣ ሌላው የሰው ጉብኝት እንዳይቋረጥ ብለው ሰውነታቸው የሚለውን ችላ አሉ። ሰውነት ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም፤ ሲደክመው ይወድቃል።

አሁን ወደ ተግባሩ እንሂድ። ጉብኝት ስትጀምሩ፣ ገና ሳትነሱ፣ አስጎብኚውን ጠጋ ብላችሁ እነዚህን ንገሩት። ሰው ፊት መናገር ካልፈለጋችሁ ለብቻው ንገሩት።

1. ምን እንዳለባችሁ፦ ስኳር፣ ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ እርግዝና። አንድ ቃል ይበቃል።

2. ምግብ በስንት ሰዓት የግድ እንደሚያስፈልጋችሁ፦ «እኔ ከ6 ሰዓት ተኩል በላይ ሳልበላ መቆየት አልችልም» በሉት። ሰዓቱን ካወቀ መንገዱን በዚያው ልክ ያዘጋጃል።

3. ዳገት፣ ደረጃና ረጅም እግር ጉዞ እንደማትችሉ፦ ደረቱን የሚወጋው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ዝም ብሎ መከተል የለበትም፤ ወዲያውኑ ይቁም፣ ይናገር።

4. መጸዳጃ ቤት እንደሚያስፈልጋችሁ፦ ብዙ እናቶችና ሴት ልጆች መጸዳጃ እንዳይፈልጉ ብለው ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ። ይህ ለራስ ምታት፣ ለማዞርና ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዳርጋል። አስጎብኚ ንጹሕ መጸዳጃ የት እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃል። ጠይቁት፤ አያፍርባችሁም።

5. መድኃኒታችሁ የቱ ቦርሳ ውስጥ እንዳለና ብትታመሙ ለማን እንደሚደወል።

ለስኳር ታካሚዎች ጥቂት ልጨምር። መለኪያችሁና ስኳራችሁ መኪና ውስጥ ሳይሆን ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። ብዙ በምትራመዱበት ቀን የኢንሱሊን መጠን መቀነስ ያስፈልግ እንደሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ በራሳችሁ አትቀንሱ፣ አታቋርጡም። ብዙ የተራመዱበት ቀን ስኳር ሌሊትም ሊወርድ ስለሚችል ከመተኛታችሁ በፊት ለኩ። ኢንሱሊን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው፤ በአውሮፕላን ስትሄዱም በእጅ ሻንጣችሁ ያዙት። አዲስ ጫማ ለጉብኝት ቀን አታስመርቁ። ማታ እግራችሁን ከላይም ከሥርም እዩት፤ የስኳር ታካሚ እግር ሲቆስል ላይሰማው ይችላል።

የግፊት ታካሚዎች፣ «ሽንት ያበዛብኛል» ብላችሁ በጉዞ ቀን መድኃኒታችሁን አትዝለሉ። እናቴ ከጉዞው በፊት ሐኪሟን ጠይቃ ነበር፤ የምትወስድበት ሰዓት ተስተካከለላት። ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል፤ መተው ግን ሌላ ነገር ነው።

ወላጆች ደግሞ ልጆች ደክሞኛል፣ ጠማኝ ለማለት የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው አስታውሱ። መነጫነጭ፣ መሬት ላይ መቀመጥ፣ «ቤታችን እንሂድ» ማለት ብዙ ጊዜ ብልግና አይደለም፤ ውኃ፣ ምግብ ወይም ጥላ ፈልገው ነው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የማያቃጥል ይመስላል፣ ግን ያቃጥላል። ባርኔጣ አድርጉላቸው። ሳይጠይቁ ውኃ ስጧቸው። ሽንታቸው ከጠቆረ ውኃ አንሷቸዋል ማለት ነው። ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ፤ «ብንጠፋፋ የምንገናኘው እዚህ ነው» የምትሉትን ቦታም ጠዋት አሳዩአቸው። እንደ ጀጎል ያለ ጠባብ መንገድ የበዛበት ከተማ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማታ ላይ ልጆቼ ጅብ ሲመገብ ካላየን አሉ። ከግንቡ ውጭ ሰዎች ለጅቦች ሥጋ የሚሰጡበት ትርዒት ሐረርን ዝነኛ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ነው። አየን፣ ተደነቅን፤ ነገር ግን ከሩቅ ሆነን ነው። ጅብም ሆነ ውሻ፣ ድመትም ሆነ ዝንጀሮ፣ የነከሰው ወይም የቧጨረው ልጅ ካለ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜ ከተወሰደ ግን ሞትን ይከላከላል። «ትንሽ ጭረት ናት» አይባልም።

እኚያ አባት በሦስተኛው ቀን ልጃቸውን ይዘው ሌላ ከተማ ሊጎበኙ ሄዱ። ልጃቸው ከዚያ አጭር መልእክት ላከችልኝ። አባቷ ገና ከመኪና ሳይወርዱ አዲሱን አስጎብኚ «ወንድሜ፣ እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ ምሳዬ በ6 ሰዓት ነው» ብለውታል። ሰውየውም «የእኔም አባት እንደዚሁ ናቸው፣ አያስቡ» አላቸው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ እሱ ነው ሰዓቱን ሲያስታውሳቸው የዋለው።

ቤተሰቦቼ፣ በቤታችሁ ይሉኝታ የሚያበዛ አባት፣ እናት፣ አጎት ወይም አክስት አለ? ለቀጣዩ ጉዞ ከመነሳታችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ አንብቡላቸው። እናንተስ ጉዞ ላይ ሕመማችሁን ደብቃችሁ የተቸገራችሁበት ጊዜ ነበር? ከታች ጻፉልኝ፤ አነባለሁ። ለወዳጅ ዘመድም አጋሩት።

መልካም ጉዞ፣ ጤናችሁ ይብዛልኝ!